ከሀያት አጠገብ ያለው ወንበር

ይሄ ታሪክ እውነት ነው። የደረሰው በእኔና በእህቴ ላይ ነው። አላምንም የምትሉ ካላችሁ ከአሁኑ ውጡ፤ ማንንም የማሳምንበት ትዕግሥት የለኝም።

እኩለ ሌሊት፣ መቃብር፣ ሲጥ የሚል በር ምናምን የምትጠብቁም አብራችሁ ውጡ። የሆነው ሐረር ውስጥ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ሐረርን የሚያውቅ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከተማው በርጫ ላይ ነው። ሱቁ ገርበብ ብሏል፣ ባጃጁ ጥላ ስር ቆሟል፣ ሰው ሁሉ ጫቱን ይዞ ቤቱ ገብቷል። መንገድ ላይ የምታገኙት ፍየልና ቱሪስት ብቻ ነው።

ስሜ ሳዳ ነው። ከዱባይ ልብስ እያመጣሁ ሸዋ በር እሸጣለሁ። አንድ ሱስ አለብኝ... ሮለር ኮስተር። በሰንሰለት ሽቅብ ጎትቶ ጫፍ ላይ ያደርስና ቁልቁል የሚለቃችሁ ባቡር። ዱባይ በሄድኩ ቁጥር ዕቃ ከመግዛቴ በፊት እሱ ላይ ነው የምወጣው። ሰው በጫት ይመረቅናል፣ እኔ በዚህ።

እንደኔ ያሉ ሰዎች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። አብዛኞቹ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። የትኛው ፓርክ እንደሄዱ፣ ምን ላይ እንደወጡ፣ የትኛው ረድፍ ላይ እንደተቀመጡ ሲያወሩ ይውላሉ። ግማሾቹ ከሚሽከረከር የፕላስቲክ ፈረስ በላይ የወጡበት ነገር የለም። ሲያወሩ ብትሰሟቸው ግን ጨረቃን ነክተው የተመለሱ ነው የሚመስሉት።

ይሄን ታሪክ መጀመሪያ የነገርኩት ለነሱ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጽፌ ጨረስኩ። አንዱ ምን ብሎ ቢመልስልኝ ጥሩ ነው?

"ሙሉ ዙር ዞራችኋል? ከዞራችሁ ይቆጠራል።"

ከግሩፑ ወጣሁ።

ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ። ከነሱ ትሻላላችሁ ብዬ አይደለም። ይሄ ቻናል ብዙ ሰው ጋ ስለሚደርስ ነው። እህቴን ያየ ሰው ካለ ብዬ ነው። ፖሊስ እንደሆነ "ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ከአንቺ ጋር ነው" እያለ ይመልሰኛል።

*

የሹዋሊድ በዓል ሰሞን ነው። ሐኪም ጋራ ስር ያለው ሜዳ ላይ ተንቀሳቃሽ መዝናኛ መጣ። በአይሱዙ ተጭኖ ከከተማ ከተማ የሚዞር ዓይነት። የሚሽከረከር ኩባያ አለው፣ አየሩ ሲጎድል የሚልፈሰፈስ መንሸራተቻ አለው... ደግሞ አንድ ኮስተር አለው።

ኮስተር ስላችሁ ደግሞ።

ከፊቱ አረንጓዴ የዘንዶ ጭንቅላት አለ። የአንድ ዓይኑ ቀለም ለቆ ኖሮ የሆነ ሰው በግድግዳ ቀለም ደግሞ ስሎታል። ከፍታው ከኛ ቤት ጣሪያ ብዙም አይበልጥም። ሐዲዱ መሬት የነካበት ቦታ ሁሉ በእንጨት ሽብልቅ ተደግፏል። ቁራሌ እንኳ ተከራክሮ ነው የሚገዛው።

ፎቶ አንስቼ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። ይሳቁ ብዬ ነው። ሳቁም። ኪሩቤል ብቻ አልሳቀም።

ኪሩቤል ማለት ካሜራ ደረቱ ላይ አስሮ የሚዞር የቦሌ ልጅ ነው። "አገር ውስጥ እኔ ያልወጣሁበት ኮስተር የለም" ማለት ይወዳል። ይሄኛው ላይ አልወጣም ነበር። ለነሱ ደግሞ ትንሽ ሆነ ትልቅ፣ ወርቅ ሆነ ዝገት፣ አንድ ቁጥር ይጨምራል። በማግስቱ በአውሮፕላን ድሬዳዋ ገባ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሐረር ወጣ። ለዚያች ዝገት ብሎ።

ወደ ሜዳው ልወስደው ስሄድ እህቴን ሀያትን ይዣት ሄድኩ።

ሀያት ታናሼ ናት። ባጃጅ ትንሽ ከፈጠነ "ቢስሚላሂ" ብላ ዓይኗን የምትጨፍን ልጅ። ከፎቅ ላይ ቁልቁል አታይም። መምጣት አልፈለገችም ነበር።

"አጠገብሽ ነኝ" አልኳት። ያን ስላት ነው ጫማዋን ያደረገችው።

አሁን የግሩፑን ልማድ ልንገራችሁ፣ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም። አዲስ ሰው የመጀመሪያ ቀን የሚቀመጠው መጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሰውን ከመቀመጫው የሚያነሳው የኋላው ወንበር ስለሆነ። ደግሞም ብቻውን ነው የሚቀመጠው። አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ መሆን አለበት፤ ፈርቶ የሚይዘው እጅ እንዳያገኝ። ችሎ ከወረደ የኛ ሰው ሆነ ይባላል። ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ሥራ ፈት መሆን አለበት። ግን ሁላችንም በዚያ አልፈናል።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ሰው የለም። ኩባያው ቆሟል። ከሩቅ አንድ ጀኔሬተር ብቻውን ይጮሃል።

ኮስተሩን የሚያሽከረክሩት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሽ እንደሻው። በዚያ ፀሐይ ካፖርት ለብሰዋል። ወንበሮቹ ላይ ጆንያ እያስቀመጡ ነው። ጊደር መጋላ ገበያ ማሽላ የሚመጣበት ዓይነት ጆንያ፣ አሸዋ ተሞልቶ አፉ የተሰፋ። እያንዳንዱን ወንበር ላይ አስደግፈው፣ ጭን ላይ የሚወርደውን ብረት ያወርዱበታል። ልክ እንደ ሰው።

ኪሩቤል ማንም ሳይጠይቀው ማብራራት ጀመረ።

"ለክብደት ነው። ባዶውን ከሆነ ባቡሩ ዙሩን አይጨርስም። ውጭ አገርም ሲሞክሩት እንዲህ ነው።"

ጋሽ እንደሻው ቀና አሉ።

"ለክብደት አይደለም።"

"ታዲያ ለምንድነው፣ ጋሽዬ?"

"ባዶ ወንበር አይሄድም።"

"ለምን?"

"ባዶ አይመለስማ።"

ኪሩቤል ዞሮ ጠቀሰኝ። እኔም ሳቄ እንዳያመልጠኝ ሂጃቤን አፌ ላይ አደረግሁ። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውለው ነው አልኩ በልቤ።

እኔና ኪሩቤል የፊቱን ረድፍ ያዝን። መሃል ያሉት ጆንያዎች ናቸው። ሀያት ከኋላ፣ በግራ በኩል ያለው ወንበር ላይ። በቀኟ ጆንያ።

"ሳዲ... አጠገብሽ ነኝ ብለሽኝ አልነበር?"

"ልማዱ ነው። አሁን ያልቃል፣ አቦ አትፍሪ።"

ጋሽ እንደሻው ወደ ማስነሻው ክፍል ሄዱ። ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ናት፤ ከዚያ ሆኖ የኋላው ረድፍ አይታይም።

ያን ጊዜ ኪሩቤል ዘሎ ወረደ። ከሀያት አጠገብ ያለውን ብረት አነሳ፣ ጆንያውን አቅፎ አወጣና ከመድረኩ ስር ጣለው።

"ጆንያ አቅፋ የሞከረች ብዬ ላስመዘግባት ነው እንዴ?" አለ ተመልሶ እየተቀመጠ።

ሳቅሁ። ብረቱ ወደ ላይ እንደተነሳ ቀረ።

*

ሰንሰለቱ ያዘን። ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

ብዙ ኮስተር ላይ የወጣ ሰው ድምፅ ያውቃል። አንድ ጆንያ ወርዷል፤ ባቡሩ ቀለል ማለት ነበረበት። ሞተሩ ግን አቃሰተ። ሰንሰለቱ ሙሉ ሰው እንደጫነ ተወጠረ።

"አሮጌ ሞተር" አለ ኪሩቤል።

ሰንሰለቱን አዳመጥኩ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ለአፍታ ያህል ይቆማል። ፀሐይዋ በጎን ስለነበረች ጥላችን ቀዩ አፈር ላይ ተዘርግቷል። መጀመሪያ የዘንዶው ጭንቅላት። ከዚያ የእኔና የኪሩቤል። ከዚያ የጆንያዎቹ፣ ጉብ ጉብ ያሉ።

ከዚያ መጨረሻው ረድፍ...

ሁለት ራስ።

አንዱ ወደ አንዱ ዘንበል ብሎ፣ ጆሮው ላይ የሚያወራ ይመስላል።

ወደ ኋላ ልዞር ስል ለቀቀን።

ቁልቁለቱ ለወሬ የማይበቃ ነው። ዱባይ ያለ ተራ ደረጃ እንኳ ከዚያ ይበልጥ ያስደነግጣል። የሀያትን ጩኸት ጠበቅሁ። አልጮኸችም።

ትስቅ ነበር።

ባቡሩ ዞሮ መድረኩ ላይ ቆመ። ብረቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀጭ ብለው ተነሱ። ዞሬ አየሁ። ሀያት ላይ የነበረው ተነስቷል። ከአጠገቧ ያለው፣ ሲነሳ በዓይኔ ያየሁት ባዶው ወንበር ላይ ያለው... ወርዶ ተቆልፏል።

ሀያት እየሳቀች ወረደች። ጉንጯ ቀልቷል።

"ሳዲ፣ ወላሂ ባትመጪልኝ ሞቼ ነበር።"

"የት ነው የመጣሁት?"

"ከኋላ ነዋ። እጄን ባትይዢኝ ኖሮ..."

"እኔ ከፊት ነበርኩ።"

"አቦ ተይ አትቀልጂ" አለችኝ። ከዚያ መዳፏን አየት አድርጋ በቀሚሷ ጠረገችው። "እጅሽ ግን ለምን አሸዋ በአሸዋ ሆነ?"

ጋሽ እንደሻው መጡ። ማንንም አላዩም፤ በቀጥታ ወደ ኋላው ረድፍ ሄዱ። የብረቶቹን መክፈቻ በእግራቸው ረገጡት። አልከፈተም። ደግመው ረገጡት።

"ጆንያው የታል?" አሉ በሹክሹክታ።

ኪሩቤል ካሜራውን ደረቱ ላይ አስተካከለ።

"የታል፣ ልጄ?"

ኪሩቤል በአገጩ ከመድረኩ ስር ጠቆመ። ሽማግሌው የጠቆመበትን እንኳ አላዩም። ሀያትን ነበር የሚያዩት። በትክክል ለመናገር፣ ከሀያት በስተቀኝ ያለውን ቦታ።

ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

"አሁኑኑ ተመልሳ ትውጣ። አንቺ በቀኟ ትቀመጫለሽ፣ እዚያው ወንበር ላይ። ብረቱን እኔ ፈልቅቄ እከፍተዋለሁ።"

"ለምን?"

"ቦታው በሰው ከተያዘ ይለቃታል።"

"ምኑ ነው የሚለቃት?"

ወደ ማስነሻው ክፍል ሄዱ... በመሃል ሞተሩ ተንፈስ ብሎ ቆመ። መብራት ጠፋ። ጀኔሬተሩ ለኩባያውና ለመብራቶቹ እንጂ ለዚህ አይበቃም አሉ።

ኪሩቤል ጆሮዬ ስር ሳቀ። "ሌላ ትኬት ሊሸጡልን ነበር። ጎበዝ ናቸው።"

ጋሽ እንደሻው ግን ስንወጣ ተከትለውኝ መጡ።

"ነገ መልሰሽ አምጫት፤ እስክትመለሱ ከጎኗ እንዳትለዪ። የትም ብትቀመጥ በቀኟ ያለው ቦታ ባዶ እንዳይሆን። ሰማሽኝ?"

"እሺ" አልኳቸው፤ ዝም እንዲሉልኝ ብዬ ነው።

*

ሚኒባስ ያዝን። ኪሩቤል ጋቢና ገባ፤ ገና ሳይቀመጥ ስለ ራሱ ለሾፌሩ ማውራት ጀመረ። ሀያት መሃል ረድፍ ላይ በግራ በኩል መስኮት ጋ ተቀመጠች። ተከትያት ልገባ ስል ረዳቱ እጁን ዘርግቶ ከለከለኝ።

"ከኋላ ሂጂ፣ እህት። እዚያ ሰው አለበት።"

አየሁት። ባዶ ነው።

"የቱ ጋ?"

"አለበት አልኩሽ እኮ። ግቢ፣ መንገድ አትዝጊ።"

የሐረር ሚኒባስ ረዳት እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለሦስት ሰው የተሠራ ወንበር ላይ አራት ጠቅጥቆ "ጠጋ ጠጋ" የሚል ፍጥረት ነው። ቦታ ቢያገኝ እናቱን ሁለት ጆንያ መሃል ያስገባታል። ያን ቀን ግን በየፌርማታው ሰው ሲገባ፣ አንዲት ባለ ዘንቢል ሴትዮ ወገቧን አጉብጣ ቆማ ስትሄድ... ያ ቦታ ባዶውን ሸዋ በር ደረሰ። ሴትዮዋም አልጠየቀችም። ዓይኗ ሲያርፍበት "ይቅርታ" ብላ ዘንቢሏን ሰበሰበች።

ሀያት መንገዱን ሁሉ ወደ ቀኟ ዘንበል ብላ ስታወራ ነበር።

ስንወርድ ያዝኳት።

"ከማን ጋር ነው ስታወሪ የነበረው?"

ግራ ገብቷት አየችኝ።

"ከአንቺ ጋር ነዋ።"

"ምን አልኩሽ?"

"ነገ አብረን እንሄዳለን አላልሽኝም?"

ኪሩቤል ሊሰናበተን መጣ። ማረፊያው ድሬዳዋ ነው፣ ሐረር አያድርም። ሆቴሎቹ አይመጥኑትም መሰለኝ። ግሩፑ ላይ ገና ከሚኒባሱ ሳይወርድ ለጥፎታል... አዲስ ኮስተር፣ ሙሉ ዙር፣ የፊት ረድፍ። እንኳን ደስ አለህ የሚሉት ጅሎች ተሰልፈዋል።

እኔ አሁንም አልፈራሁም ነበር። ይልቅስ ተናድጃለሁ። ሽማግሌው አስፈራርተዋት ነው፣ ልጅቷ ደግሞ ድሮም ፈሪ ናት አልኩ። ቤት አድርሻት ጊደር መጋላ ወጣሁ፤ እናቴ፣ ኡሚ፣ ያዘዘችኝ ቅመም ነበር።

ስመለስ መግሪብ አዛን እያለ ነው። ኡሚ ግቢው ውስጥ ለውዱእ እጇን ትታጠባለች። አየችኝና እጇ ውኃው ላይ ቀረ።

"በየት ወጣሽ?"

"ገበያ ነበርኩ እኮ፣ ኡሚ።"

"አሁን ውስጥ ነበርሽ። ከሀያት ጋር ስትስቁ ሰማሁ። ሻይ አምጪልን ብለሽ አዘሽኝ።"

"እኔ?"

"ድምፅሽን አጣዋለሁ እንዴ?"

ገባሁ።

የኛ ቤት የሐረሪ ቤት ነው። መደቡ ላይ ሁሉም ሰው የራሱ ቦታ አለው። ሀያት ቦታዋን ትታ መደቡ ጥግ፣ ግራው ላይ ተጠግታለች። በቀኟ ልክ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ትታለች። ሁለት የሻይ ብርጭቆ አለ። የሀያት ሙሉ ነው።

ሌላው ግማሽ ደርሷል።

ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ የተነሳ ሰው የሚተወው ጉድጓድ አለ... ጉድጓዱ ውስጥ ቀይ አሸዋ።

"ቁጭ በይ እንጂ" አለችኝ ሀያት። "ለምን ተነሳሽ?"

እንግዲህ ያኔ ነው የፈራሁት። በሽማግሌው ወሬ የሳቅሁት ሴትዮ ሄጄ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። እስኪነጋ ከቀኟ አልተነሳሁም። የቁርኣኑን አያተል ኩርሲ እየደጋገምኩ እጇን ይዤ አደርኩ። እሷ ተኝታ ነበር፤ ሰላማዊ እንቅልፍ።

*

ጠዋት ባጃጅ ይዘን ሄድን። እኔ በቀኟ ተጣብቄያለሁ። ሾፌሩ በመስታወት ሁለት ጊዜ ቢያየኝም ምንም አላለም።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ሐዲዱ የለም።

ሹዋሊድ አልቋል፣ ወደ ጅግጅጋ ሊሄዱ ነው። መንሸራተቻው ተጠቅልሏል። የዘንዶው ባቡር አይሱዙው ላይ እንዳለ ተጭኗል፤ ጭንቅላቱ ወደ ጋቢናው፣ መጨረሻው ረድፍ ወደ እኛ። ጀኔሬተሩ አሁንም ይጮሃል። ሠራተኞቹ የቀረውን ብረት እየወረወሩ ይጭናሉ፤ አንዱም ወደኛ አላየም።

ጋሽ እንደሻው ሲያዩን በፍጥነት መጡ። በቀኟ መሆኔን አረጋገጡ፣ ተነፈሱ።

"እስካሁን አልተከፈተም" አሉ። "ሌሊቱን ሙሉ ታገልኩት።"

"ሐዲዱ ፈርሷል እኮ። እንዴት ትዙር?"

"ዙሩ ምን ያደርጋል። ቦታው ነው። እዚያው መኪናው ላይ ውጡ፣ እሷ በግራ፣ አንቺ በቀኝ። እፈለቅቀውና ትቀመጪበታለሽ። ከዚያ ሁለታችሁም ትወርዳላችሁ፣ እኔ ጆንያ አደርግበታለሁ።"

"በቃ?"

"በቃ። መዶሻና ዲጂኖ ላምጣ፣ ሳልመጣ ወደ መኪናው እንዳትጠጉ።"

ሄዱ። የሀያትን እጅ ይዣለሁ። ሞቃት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያልፍ ተሰማኝ፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ስልኬ ጠራ። ኪሩቤል ነው። ዘጋሁት። ደግሞ ጠራ። ደግሞ ዘጋሁት። በሦስተኛው አነሳሁ።

"...ሳዳ..." ድምፁ አይሰማም። ጀኔሬተሩ ነው።

"ምንድነው?"

"...ቪዲዮ..."

"አልሰማህም።"

የሀያትን እጅ ለቅቄ፣ አንድ ጆሮዬን ደፍኜ ከጀኔሬተሩ ዞር አልኩ። ጥቂት ራቅ ብዬ። ሀያት እዚያው ናት፣ አያታለሁ።

"አሁን?"

"ሁለት ካሜራ ነበረኝ" አለ። ያ ሁሉ ጉራ ከድምፁ ጠፍቷል። "አንዱ ወደ ኋላ ነበር የሚቀርጸው። ኤርፖርት ቁጭ ብዬ አሁን አየሁት።"

"እና?"

"ከኋላ... ከሀያት አጠገብ... አንቺ ነሽ።"

"ምን?"

"አንቺ ነሽ። ፊትሽ ጥርት ብሎ ይታያል። እጇን ይዘሻታል። ካሜራውን ታዪዋለሽ።"

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

"ሳዳ..." አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እውነቱን ንገሪኝ። ታዲያ ከፊት አጠገቤ የተቀመጠችው ማን ናት?"

ይሄን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ ጆንያውን በገዛ እጁ ጥሎ፣ የጨነቀው አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ ነው። ዘጋሁበት።

ያኔ ከጀርባዬ የመኪና ጎን በእጅ ሲመታ ሰማሁ። ጧ፣ ጧ። ረዳቶች ሾፌሩን ሂድ ለማለት እንደሚመቱት።

"ሳበው" አለ አንድ ድምፅ።

የሴት ድምፅ ነው። ሸዋ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ስጠራበት የምውለው ድምፅ። የእኔ።

ዞርኩ።

ሀያት የቆመችበት ቦታ ላይ ማንም የለም።

ጋሽ እንደሻው ዲጂኖውን እንደያዙ ቆመዋል። እኔን አዩ። አይሱዙውን አዩ። ተመልሰው እኔን አዩ።

"አንቺ..." አሉ። "አሁን እህትሽን ይዘሽ መኪናው ላይ ወጣሽ እኮ። ሳልመጣ አትጠጉ ብዬሽ... ለምን ወጣሽ?"

መኪናው ተንቀሳቅሷል። አቧራውን እየቀደደ ወደ ባቢሌው መንገድ ሊወጣ ነው። ሮጥኩ። ጫማዬ ወለቀ፣ ትቼው ሮጥኩ። ሽማግሌውም ከኋላዬ "አቁም" እያሉ ይሮጣሉ፤ ሾፌሩ አይሰማም።

በጣም ቀርቤ ነበር። የመጨረሻው ረድፍ ጥርት ብሎ ይታየኛል።

በግራ ሀያት ተቀምጣለች። ብረቱ ጭኗ ላይ ወርዷል። በቀኟ አንዲት ሴት አለች። እኔ የለበስኩትን ቡናማ ሂጃብ ለብሳለች። ፊቷ የእኔ ፊት ነው። የሀያትን እጅ በሁለት እጇ ይዛለች፤ እኔ ሌሊቱን ሙሉ እንደያዝኩት አድርጋ።

"ሀያት" ብዬ ጮህኩ።

ሰማችኝ። እምላለሁ ሰምታኛለች። ቀና አለች፣ ፊቷ ላይ ፍርሃት መጣ፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ አቧራው ውስጥ በዓይኗ ፈለገች። ደግሜ ጠራኋት። ልትነሳ ሞከረች፤ ብረቱ ያዛት።

ከዚያ ወደ ጎኗ ዞረች። አጠገቧ ያለችውን አየቻት።

ፊቷ ላይ የነበረው ፍርሃት ጠፋ። ፈገግ አለች፣ ተደላድላ ተቀመጠች፣ ራሷንም በዚያች ሴት ትከሻ ላይ ጣል አደረገች።